ተወዳጇ ፋጡማ

በድሮ ጋዜጣ የኪነ ጥበብ ዓምድ ላይ ያልተወደደ ዘፋኝ አልነበረም። «ተወዳጁ ድምፃዊ»፣ «ተወዳጇ ተዋናይት»፣ «ተወዳጁ ማሲንቆ ተጫዋች»፤ እናንተም ሳታነቡት አልቀራችሁም። ማን ወደደው? መቼ? ብሎ የጠየቀ የለም። ቃሉ እንደ «አቶ» እና «ወይዘሮ» ከስም በፊት የሚቀመጥ ነገር ሆኖ ነበር። ሌላውን ስወቅስ ደግሞ ራሴን አልደብቅም። ደሴ ሆኜ ለአንድ ጋዜጣ የኪነ ጥበብ ወሬ በምልክበት ዘመን፣ ይህን ቃል ያልሰጠሁት ሰው ቢኖር ስሙን የረሳሁት ብቻ ነው።

አሁን ጡረታ ወጥቼ የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ሰይድና ባለቤቱ ፋጡማ መጡ። ሰይድ ሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ፣ ቃል ቆጥቦ የሚናገር ሰው ነው። ፋጡማ በወጣትነቷ በወረዳው የኪነት ቡድን ውስጥ አምባሰል ትጫወት ነበር፤ ያኔ ስለ እሷ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጅዳ የምትሠራው ልጃቸው ይህን ሰምታ፣ ጋዜጣውን ካላሳያችሁኝ ብላ ይዛቸዋለች።

ከካርቶን ውስጥ ፈልጌ አወጣሁት። ልጅቱ በሰይድ ስልክ በቪዲዮ ብቅ ብላ፣ «አባዬ፣ አንተ አንብብልኝ» አለች።

ሰይድ ወረቀቱን ከዓይኑ አራቀ፣ መልሶ አቀረበ። «ተ... ተወዳጇ...» አለና ቆመ። ወደ እኔ ዞረ።

«ወደሃት ነው ይህን ያልከው?»

«ኧረ በአላህ! ያኔ ለሁሉም ነበር የምንለው» አልኩና በዚያው ገጽ ላይ አራት ተወዳጆች ቆጥሬ አሳየሁት። እንዲያውም እውነቱን ነገርኳቸው፤ የደሴው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ዘፈኗን ከግማሹ ትቼ ነበር የወጣሁት። ፋጡማ ሳቀች። ሰይድ ግን አልሳቀም።

«እኔ እስከ መጨረሻው ሰምቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «የወደድኳት ያን ቀን ነው። ስንጋባ ግን ዘፈኑን ተይው አልኳት፤ ሰው ሁሉ እንዲያያት አልፈለግሁም። ይህን ቃል ደግሞ፣ ወላሂ፣ አንድ ቀን ብያት አላውቅም።»

አፈርኩ። እኔ ሰምቼ ላልጨረስኩት ዘፈን እንደ ዋዛ የበተንኩትን ቃል፣ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ኖሯል።

«ማን ከለከለህ?» አለች ፋጡማ።

ሰይድ ወረቀቱን አነሳና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አሁን አልተንተባተበም። «ተወዳጇ ድምፃዊት ፋጡማ» ብሎ፣ የቀረውን ሳያነብ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«አልተሰማኝም» አለች ፋጡማ።

መስማቷ ፊቷ ላይ ይነበባል። ሰይድም አውቋል።

ደገመላት።