በጉን ባናርድ ኖሮ

«የእናንተ አገር ሰው እኮ እንግዳ ተቀባይ ነው» ሊለኝ ያሰበ ሰው ካለ፣ ሰሞኑን ባይለኝ ይሻለዋል። ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። አንገቴን ሰበር አድርጌ «ምን እናድርግ፣ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው» እል ነበር። አሁን ግን ደሜ ይፈላል። ለምን? ቁጭ በሉማ ልንገራችሁ። ወጉ ስለ አንድ ፋውንዴሽን ነው። ስለ አንድ በግም ነው። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደጎዳን እስከ ዛሬ አልለየሁም።

እኔ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። የተወለድኩት ግን ከአምበር ከተማ ራቅ ብላ፣ አንድ ወንዝ ከመኪና መንገድ የቆረጣት መንደር ውስጥ ነው። ወንዙ በበጋ ወንዝ ነኝ ለማለት ያፍራል። ዶሮ ከነጫጩቶቿ ትሻገረዋለች። ጮቄ ተራራ ላይ መዝነብ ሲጀምር ግን ዓመሉ ይለወጣል፤ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ጤና ጣቢያው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። የት ሊሆን ኖሯል?

መንደራችን የቃሬዛ ማኅበር አለው። ሴት ምጥ ሲይዛት ወንዶቹ ይጠራሉ፤ በእንጨት ቃሬዛ ያስተኟትና እየተቀባበሉ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ያደርሷታል። እንደ እድር በሉት። ልዩነቱ፣ እድር ከሞትክ በኋላ ይሸከምሃል፣ ይህኛው እንዳትሞት ይሸከምሃል። አለቃው ጋሽ ቢያድግልኝ ናቸው። ደረታቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ከደረታቸው የሰፋ ሽማግሌ ናቸው።

ያን ዓመት የእኅቴ የእቴነሽ ልጅ ይታይሽ አረገዘች። የመጀመሪያዋ ነው። ነርሷ ወሩን ቆጥራ የምትወልጂው ሐምሌ ላይ ነው አለቻት። ሐምሌ! እቴነሽ ወዲያው ደወለችልኝ። ለሰው ሁሉ ማመልከቻ ትጽፋለህ፣ ለእኛ ድልድይ የሚሠራ ሰው አታመለክትም ወይ፣ የተማርከው ለጠመኔ ብቻ ነው ወይ አለችኝ። የፈለገችው ትልቅ ድልድይ አይደለም። ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ይለፉበት እንጂ ሌላ ምንም አያሻም።

ከተማችን ውስጥ አንድ ፋውንዴሽን ቢሮ ከፍቷል። አንድ ባለጸጋ ሲሞቱ ልጆቻቸው በስማቸው ያቋቋሙት ነው። ስሙን አልነግራችሁም፤ ሙት አይወቀስም። ግድግዳው ላይ የሚረዳቸው አራት ዓላማዎች በትልልቁ ተጽፈዋል፦ እናቶች፣ ትምህርት፣ ንጹህ ውሃ፣ አካባቢ ጥበቃ። ድልድይስ ብዬ ጠየቅሁ። ድልድይ መሠረተ ልማት ነው፣ መሠረተ ልማት ዓላማችን ውስጥ የለም አሉኝ። ታዲያ እናቶቹ ወንዙን በምን ይሻገሩ ብዬ ጠየቅሁ። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው አሉኝ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ያለህ ሰው መልስ እንደማይሰጥህ እወቅ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እኔም ድልድዩን «እናቶች» ከሚለው ሥር ወሸቅሁት። ስለ ምጥ ጻፍኩ፣ ስለ ደም መፍሰስ ጻፍኩ፣ እስከ ሦስተኛው ገጽ ድረስ «ድልድይ» የሚል ቃል አላነሳሁም። ተሳካልኝ። ከፋሲካ በኋላ የምታጣራ ባለሙያ እንልካለን አሉ። እኔም ለመንደሩ ደወልኩ። ባለሙያ ትመጣለች፣ ችግራችሁን ሳትደብቁ ንገሯት አልኳቸው። እነሱ ከዚህ ሁሉ ንግግር ይዘው የቀሩት አንድ ነገር ነው፤ እንግዳ ትመጣለች።

አቤት የዚያን ቀን ድግስ! ቀኑ ረቡዕ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ረቡዕ ጾም ነውና ሽሮ ቀርቦላት ድልድያችንን እናገኝ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾም የለም። በግ ታረደ። በግ ብቻውን ምን ያደርጋል ተብሎ ዶሮ ተጨመረ። የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ከሠርግ ቤት ወንበር መጣ። ማር ከነሰፈፉ ቀረበ። ጋሽ ቢያድግልኝ ለፋሲካ እንኳ ያላወጡትን ኮት ለብሰው ብቅ አሉ። ይታይሽስ? ሆዷ ገፍቷል። ዓይን ይበላታል ብላ እናቷ ጓዳ ደበቀቻት። ሌሎቹም እርጉዞች እንደዚያው። «እናቶች» ብለን አመልክተን፣ ባለሙያዋ አንዲት እርጉዝ ሳታይ ዋለች።

ባለሙያዋ መቅደስ ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። ከእኔ ጋር ስትመጣ ወንዙን በድንጋይ ላይ እየዘለለች ነው የተሻገረችው፤ ጫማዋ እንኳ አልረጠበም። ታብሌቷን አውጥታ መጠየቅ ጀመረች። ሥጋ በወር ስንት ጊዜ ትበላላችሁ አለች። ጋሽ ቢያድግልኝ አጥንት በእጃቸው ይዘው፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልጎደለብንም አሉ። የሚጠጣ ውሃ ትቸገራላችሁ ወይ አለች። ጠላ እያለ ውሃ ለምን ይጠጣሉ አሏትና ጨመሩላት። በመጨረሻ ወንዙ ላይ ደረሰች። ስትሻገሩ ምን ያህል ትቸገራላችሁ ብላ ጠየቀች። ጋሽ ቢያድግልኝ አጥንቱን አስቀመጡ።

«ምን ችግር አለ እመቤቴ? እዚህ አገር ወንድ የጠፋ መሰለዎ? ይህን ወንዝ ኸአያት ኸቅድመ አያት ጀምሮ በደረታችን ነው የምንሻገረው። አንፈራውም!»

ድንኳኑ በሙሉ አጨበጨበ። እኔስ? ዝም አይነቅዝም ብዬ አጎንብሼ በላሁ። ሽማግሌን በእንግዳ ፊት «ውሸትዎን ነው» ማለት ነውር ነዋ። ነውር! ስንቱን ጉዳችንን በነውር ሸፍነን ቀበርን? 

ሰኔ ላይ ደብዳቤ መጣ። መንደራችሁ የተትረፈረፈ ምግብ ያለው፣ በራሱ የሚተማመን፣ የራሱ ባህላዊ አምቡላንስ ያለው ሆኖ ስለተገኘ እርዳታ አያስፈልገውም ይላል። ይልቁንም አርአያ መንደር ተብሎ ስለተመረጠ በክረምቱ የምስክር ወረቀት በቦታው ይበረከትለታል ይላል። ሮጥኩ። ቢሮአቸው ሄጄ ለመንኩ። የበላችው የእንግዳ ምሳ ነው፣ እኛማ ሥጋ የምንበላው በዓል ሲመጣ ነው አልኳቸው። እኛ የምንሠራው በመረጃ ነው አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወረቀት የያዘ ሞኝ ሲገጥማችሁስ?

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ይታይሽን ምጥ ያዛት። ማኅበሩ ተጠራ፤ ቃሬዛው ወጣ፤ እየሮጡ ወንዙ አደረሷት። ወንዙ ሞልቷል። ሁለት ጊዜ ገቡ፤ ሁለት ጊዜ ውሃው መለሳቸው። ጋሽ ቢያድግልኝ በዚያ ደረታቸው ከፊት ገብተው አንገታቸው ድረስ ዋጣቸው። ወጡና ውሃው እስኪጎድል እንጠብቅ አሉ። እሷ ዳር ላይ፣ ዝናብ ላይ፣ ቃሬዛ ላይ ተኝታ ጠበቀች። ከሰዓት በኋላ ነው የተሻገሩት። ይታይሽ ተረፈች። ልጇ ወንድ ነበር፤ አልተረፈም። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ፋውንዴሽኑን ረገምኩ፣ በጉን ረገምኩ፣ ራሴን ረገምኩ። ዛሬም እረግማለሁ።

ነሐሴ ላይ መቅደስ የምስክር ወረቀቱን ይዛ መጣች። በመስታወት የተለበደ ነው። መንገድ ላሳይ ብዬ አብሬያት ሄድኩ። መኪናው ወንዙ ዳር ቆመ። ያ ጫማ የማያረጥበው ወንዝ እንደ በሬ እያገሳ ይወርዳል።

«ይሄ ያ ወንዝ ነው?» አለችኝ።

ነው አልኳት። እንግዲያው ወረቀቱን ከዚህ ሆኜ ልላክላቸው አለች። ግን ጋሽ ቢያድግልኝ ከነሰዎቻቸው ቀድመው ተሻግረው ይጠብቁናል። የፍልሰታ ጾም ነው፤ በግ አይታረድ፣ ዶሮ አይታረድ። እንግዳን ማክበሪያ የቀራቸው ትከሻቸው ብቻ ነው። የእንግዳ እግር ውሃ ነክቶትማ ወደ መንደራችን አይገባም ብለው ቃሬዛውን ዘረጉ። ይታይሽ የተኛችበትን ቃሬዛ። መቅደስ እምቢ አለች፤ እነሱ ይሉኝታ መሰላቸው፤ እንግዳ መጀመሪያ እምቢ ማለቱ ደንብ ነዋ። አስተኟት፣ ጋቢ አለበሷት፣ በመቀነት አሰሯት። ተዉ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። እውነቱን ልናገር? ክፋት ይዞኝ ነበር።

መሀል ላይ ሲደርሱ የአንዱ እግር ተንሸራተተ። ቃሬዛው ዘመም አለ። ልጅት «እማዬ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ከወንዙ ድምፅ በለጠ። ደህና ወጣች። የምስክር ወረቀቱ ግን በውሃ ተወሰደ፤ ወንዙ በሕይወቱ የሠራው አንድ ጽድቅ ይሄ ነው።

መመለሻም አለ ለካ! ተመልሼ ቃሬዛ ላይ አልተኛም አለች መቅደስ። ውሃው እስኪጎድል ልጠብቅ ብላ ዳር ላይ ተቀመጠች። ይታይሽ ቆሎ ይዛላት መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። ሲጫወቱ መቅደስ ስንት ልጅ አለሽ አለቻት። ይታይሽም አንድ ነበረኝ አለች። ከዚያ የት እንደጠበቀች፣ ምን ያህል እንደጠበቀች በአገጯ እያሳየች ነገረቻት። መቅደስ ቆሎውን በእጇ እንደያዘች ቀረች፤ ማታ ውሃው ጎድሎ ስንሻገርም አልጣለችውም።

ጥር ላይ በፋውንዴሽኑ ገንዘብ ድልድዩ ተሠርቶ አለቀ። በብረት ገመድ የተንጠለጠለ፣ ጣውላ የተነጠፈበት፣ ቃሬዛ የሚያሳልፍ ነው። ድንጋዩን መንደርተኛው በደቦ አጋዘ። እናቶች አሸነፉ ብዬ እንባዬ መጣ። የምረቃው ዕለት መጋረጃው ሲገለጥ ግን ሰሌዳው ላይ ምን ተጽፏል? «ይህ ድልድይ ለፋውንዴሽኑ ሠራተኞች ደህንነት ሲባል ተሠራ።»

መቅደስን ጥግ ይዤ አፋጠጥኳት። አልዋሸችኝም። መጀመሪያ በእናቶች ስም ጽፋ ነበር። ድልድይ መሠረተ ልማት ነው ተብሎ ተመለሰባት። በሠራተኛ የሥራ ላይ አደጋ ስም ስትጽፈው ግን ሳምንት ሳይሞላው ጸደቀ። ከአራቱ ዓላማ ውጭ አምስተኛ አላቸው ለካ፤ ግድግዳው ላይ ያልጻፉት፣ ራሳቸውን። መዶሻ ቢኖረኝ ሰሌዳውን እዚያው አደቀው ነበር።

ይታይሽ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። ሰሌዳው ፊት ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው። እኔ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወደ ጋሽ ቢያድግልኝ ዞረች።

«ጋሼ፣ እሷ አንድ ቀን ፈርታ ድልድይ አሠራች። እርስዎ ያኔ ድንኳን ውስጥ እንፈራለን ቢሏት ምን ነበረበት?»

ሽማግሌው ድልድዩን በዝግታ፣ ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ፈሪ ተሻገሩ። እኔም ቁጣዬን ግማሹን ከፋውንዴሽኑ ላይ አንስቼ ወደ ራሳችን አዞርኩት። ግማሹ እዚያው አለ፤ አይነካም።

ባለፈው ሰሞን ሌላ ድርጅት ስለ ጤና ኬላ ሊያጣራ መጣ። የሚጠይቀው ሰውዬ ወረቀቱን ሳይዘረጋ ጋሽ ቢያድግልኝ ተነሡ። ኮቱን አልለበሱም። የዘወትር ሸማቸውን ነው የደረቡት። በዚያ ሰፊ ድምፃቸው «ተቸግረናል፤ እንፈራለን» አሉና ቁጭ አሉ። እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ! ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ያልተባለ ነገር ተባለ። ሰውዬውም ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ።

በጉ ግን ታርዶ ነበር።