የጥዑመልሳን የማቅጠን ዘዴ

ሥራውን መሥሪያ ቤት ትቶ መምጣት የማይችል ሰው የሌለበት ሻይ ቤት የለም። ልብስ ሰፊው ሰላም ሲልህ ትከሻህን ይለካል። ሹፌሩ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፍሬን ይረግጣል። ጀሪፍ ሰፈር፣ ሬሕማ ሻይ የምታፈላበት ጥግ ላይ ለኛ የደረሰን ደግሞ የላብራቶሪው ሰው ክቡር ጥዑመልሳን ነው፤ የነጠላ ባክቴሪያ አዳኝ።

ሰሞኑን አንድ ወሬ ተነዛ። ጥዑመልሳን ልቡ የወደዳትን ወሰንየለሽን ከጓደኞቿ መሀል በላብራቶሪ ዘዴ ነጥሎ ሊያወጣት ነው!

አላመንኩም። ወሰንየለሽን ማን ይነጥላታል? አል-ጣኢፍ ሰፈር ካለው ሥራዋ ስትወጣ ከጓደኞቿ ጋር፣ ሃፍላ ድግስ ላይ ከጓደኞቿ ጋር። ብታስነጥስ በኅብረ ዝማሬ ነው "ይማርሽ" የሚባለው። እሱ ለብቻዋ አንዲት ቃል ሊነግራት ሲቃትት እሷ ራቅ ወዳለው ካላክላ ሰፈር ቤት ልትቀይር ነው፤ ካላክላ የገባን ሰው ደግሞ መልሶ የሚያገኘው ፖስተኛም የለም።

ዘዴውን ግን በቃላችን እናውቀዋለን።

"አትልቀም፣ አቅጥን!" ይላል፣ ሻዩ ላይ ውሃ እየጨመረ። "ባክቴሪያ ከሚርመሰመስበት ፈሳሽ አንድ ጠብታ ወስደህ ንጹህ ውሃ ውስጥ። ከዚያም አንድ ጠብታ ወደ ሌላ ውሃ። ደጋግመህ ስታቀጥነው መጨረሻ ላይ አንዲት ብቻ ያለችበት ጠብታ ታገኛለህ!"

"ወይም ባዶ ጠብታ" ትለዋለች ሬሕማ።

"እሱም ያጋጥማል" ይላል፣ ፊቱ እየጠቆረ።

ታዲያ አርብ ዕለት ሁላችንንም ከወሰንየለሽና ከጓደኞቿ ጋር ዓባይ ዳር ጋበዘን። አሃ! አልኩ፤ ቦታው ሲሰፋ ሰዉ ይቀጥናል። እንዳልኩትም አንዷ ዓሣ ልታይ፣ አንዷ ፎቶ ልትነሳ፣ ሁሉም ተበተኑ። ወሰንየለሽ ዛፍ ሥር ብቻዋን ቀረች። ጥዑመልሳን ማይክሮስኮፕ የሚያይ ይመስል አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ደርቆ ቆመ።

"ያላ ጥዑሜ፣ ሂድ እንጂ!" ብዬ ገፋሁት። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ምንጣፍ ተሸክመን የወጣነው ለዓሣው አልነበረም። ያቺ ቃል ሳትወጣ ካላክላ ብትቀድማት እኛም እንቅልፍ አይወስደንም ነበር።

በማግስቱ ሁለቱ ሬሕማ ዘንድ አብረው መጡ።

"ይኸው ሳይንስ!" ብዬ ጮህኩ።

"ውሸት ነው" አለ ጥዑመልሳን፣ ሻዩን ውሃ ሳይጨምር እየጠጣ። "ሁሉም ውሸት ነው። ዓባይ ዳር ጥራን ብላ በሬሕማ የላከችብኝ እሷ። ጓደኞቿን ዘወር በሉልኝ ያለችውም እሷ። ማንንም አልነጠልኩም ወንድሜ፤ የተነጠልኩት እኔ ነኝ።"