ውሃ የምታስገባው ጀልባ

ገበያ ወጥቶ ቀዳዳ ጀሪካን መርጦ የገዛ ሰው ታውቃላችሁ? አታውቁም። እኔም አላውቅም። ታዲያ ሆን ተብሎ የተበሳ ጀልባ አለ ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ?

ባሌ ይበልጣል እዚህ ቡሬ የመስኖ ሞተር ጠጋኝ ነው። ሰሞኑን አንድ ሰውዬ ሸራም ሞተርም ያላት ጀልባ አለችኝ፣ ሥራልኝ ብሎ ባሕር ዳር ወሰደው። ስደውልለት ጀልባዋን የብስ ላይ ጎትተዋት፣ እሱ ከሆዷ አሮጌ ቫልቮቹን እየነቀለ በአዲስ ይተካል። ሦስት ቀዳዳ አላት አለኝ።

«አንተ ነህ የበሳሃት?» አልኩት።

«ኧረ ስትሠራም ነበረባት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ድፈነዋ!»

ሳቀብኝ። ሞተሩ እንዳይግል የሐይቁን ውሃ በቀዳዳው ይስባል፣ ይቀዘቅዝበታል፣ መልሶ ይተፋዋል አለኝ። ቫልቩ መክፈቻና መዝጊያው ነው አለ። እሺ አልኩ እንጂ አልገባኝም። ጣሪያችን አንዲት ጠብታ ባፈሰሰ ቁጥር መሰላል የሚያቆመው እሱ አይደለም እንዴ?

ጭንቀቴ ወዲህ ነው። ይበልጣል ዋና አይችልም። ብር ወንዝን እንኳ በበጋ ሱሪውን ሰብስቦ፣ እናቱን እየጠራ ነው የሚሻገር። ሰውዬው ደግሞ «የሠራ እጅ አብሮ ይሳፈራል» ብሎታል። እኔ የስምንት ወር ልጅ ታቅፌያለሁ። ውሃ እንደሆነ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ። ብድግ አልኩና ለሚካኤል ጥላ ተሳልኩ፤ አንዲት ጠብታ እንዳይገባበት።

ስእለቱ አላሳረፈኝም። ጀልባዋ ሐይቅ የምትገባ ዕለት ጠዋት አራት ጊዜ ደወልኩ። ዘግተኸዋል? እርግጠኛ ነህ? በአራተኛው «ይኸው ዘጋሁት፣ ተገላገልሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። ለካ እውነትም ለእኔ ሲል ዘግቶታል። መልሶ መክፈቱን ረሳው።

ሐይቁ መሀል ሲደርሱ ሞተሩ ጋለ፣ ጨሰ፣ ቆመ። ደግነቱ ሸራ አላት፤ በነፋስ ተመለሱ። ሰውዬው ነገ ካልሠራ ሌላ ባለሙያ አመጣለሁ አለ። ይበልጣልም ደውሎ የሞተሩ በሽታ ቡሬ ነው ያለች አለኝ።

ግራ ገባኝ። ስእለቴ እኮ ሠምሯል! ጠብታ አልገባም። ወደ ንስሐ አባቴ ሮጥኩ።

«አባ፣ ለነገ ውሃው ይግባ ብዬ ልሳል ወይስ አይግባ?»

ከሥር ከመሠረቱ አስነገሩኝ። ሲሰሙ ጢማቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ እንጃ።

«ቀኖናሽ ይኸው፣ ልጄ። ነገ ባልሽ ራሱ እስኪደውል ስልክ እንዳትነኪ።»

«አባ፣ መቶ ስግደት ይሻለኛል።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

በነጋታው ስልኬን መደብ ላይ አስቀምጬ ልጄን አዝዬ ስዞረው ዋልኩ። ምሳ አልበላሁም። ጡቴ እንኳ ልጄን ወተት የነሳት መሰለኝ። አውርጄ ሳጠባት ስልኩ ጮኸ።

«ገባ!» አለ ይበልጣል፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ። «ውሃው እየገባ ነው! ሐይቁ መሀል ነን!»

እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን እየጎተቱ ደረሱ።

«ምን ተገኘ፣ ልጄ?»

«የይበልጣል ጀልባ ሐይቁ መሀል ውሃ እየገባባት ነው!» አልኳቸው፣ በደስታ እያለቀስኩ።

እትዬ ጥሩ አንዴ አዩኝ። ከዚያ ልጄን ከእጄ ቀስ አድርገው ወሰዱብኝ።