የክብርት ፕሮፌሰር ትንንሾች

ሐኪም የሌለው ክሊኒክ አይታችሁ ይሆናል፤ መድኃኒት ያለቀበትም ሞልቷል። በመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ማንም ሳይሾማት የምታክም ሴት የሌለችበት ክሊኒክ ግን እስካሁን አልተሠራም። ካርድ ሳታወጡ ትመረምራችኋለች፣ ሳትጠይቋት መድኃኒት ታዝዝላችኋለች፣ እምቢ ካላችሁ ደግሞ ትቀየማለች።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች በሚሰበሰቡበት በዚያ ክሊኒክ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ፕሮፌሰር ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው አግዳሚው ነው። ዩኒቨርሲቲያቸው ላውንደሪ ቤት ሲሆን ዕድሜያቸውን የሰው ሸሚዝ ሲተኩሱ ኖረዋል። አሁን ግን ቦታቸው ባዶ ነው። ከታካሚዎቹ አንዷ የሆነች ፀጉር ሠሪ አጠገቡ ተቀምጣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች፤ እሳቸው አይደሉም። ቀጠሮ አሳልፈው የማያውቁ ሴትዮ ከጠፉ ወራት ሆኗቸዋል። ከዚህ አግዳሚ ላይ ድንገት የጠፋ ሰው ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራውም።

ፀጉር ሠሪዋ መጀመሪያ የመጣች ቀን ፊቷን በሻርፕ ጠቅልላ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ነበር። ክብርት ፕሮፌሰር ግን አላለፏትም።

«አንቺ ልጅ፣ እርጎ ትወጃለሽ?»

«እ?»

«ከታች ያሳክክሻል ወይ? አትፈሪ፣ እዚህ ሁላችንም ሴቶች ነን።»

ሁሉም ሴቶች አልነበሩም። ዘበኛው በሩ ላይ ነበር፤ አምፖል ሊቀይር የመጣው ሰውዬም መሰላል ላይ ሆኖ ሥራውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሳቸው ወይ ፍንክች! «ሆድሽም ታችሽም ሰፈር ነው» ብለው ትምህርቱን ቀጠሉ። «ደግ ባክቴሪያ አለ፣ ክፉም አለ። ደጎቹ ሲያንሱ ክፉዎቹ ይፈነጩብሻል።» ከዚያ ከበረዶ ጋር በሹራብ የተጠቀለለ ብልቃጥ ከቦርሳቸው አወጡ። ደግ ባክቴሪያ የያዘ የፕሮባዮቲክ እንክብል ነው። እሳቸው ግን በዚህ ስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «ትንንሾቹ» ነው የሚሏቸው።

ስለ ትንንሾቹ ያልተጣሉት ሰው የለም። ሙቀት አይስማማቸውም ብለው ከበረዶ ጋር ይዘዋቸው ይዞራሉ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ «መስኮቱን ክፈቱ፣ ልጆቼ ታፈኑ!» ብለው ቢጮኹ፣ ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ተሳፋሪው ሁሉ በየወንበሩ ሥር ልጅ ፍለጋ ገባ። ነገሩ ሲታወቅ የወረደባቸውን ስድብ በማግሥቱ ራሳቸው እየሳቁ አወሩት።

ስለ ትንንሾቹ ሲጠይቋት የክሊኒኳ ነርስ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «እማማ፣ ለአንዳንዷ ይረዳ ይሆናል፣ ጥናቱ ገና ነው። ዋናውን መድኃኒት ግን ምንም አይተካውም።» ክብርት ፕሮፌሰር ወደ አግዳሚው ዞር ይሉና «ሰማችሁ? ሲስተርም ተስማማች!» ይላሉ።

ሌላው እንደፈለገ ይሳቅ፤ ፀጉር ሠሪዋ ግን በእሳቸው አትስቅም። ባሏ ጥሏት የሄደ ሰሞን መድኃኒቱን ልትተወው ቆርጣ ነበር። «ለማን ብዬ?» እያለች አግዳሚው ላይ ስትንሰቀሰቅ ፕሮፌሰር ውኃ ቀድተው መጡ። አይዞሽ እንኳ አላሏትም።

«ለቅሶው የትም አይሄድም» አሉ። «መጀመሪያ ዋጪ፤ ከዚያ እናለቅሳለን።»

ዋጠች። ከዚያ አብረው አለቀሱ፤ እንዲያውም ፕሮፌሰር ከእሷ ባሱ። ከዚያ ወዲህ ልቧ የተሰበረ ሴት በመጣች ቁጥር አግዳሚው ሁሉ ይህችኑ ቃል ይደግምላታል።

ታዲያ እንዲህ ያሉ ሴትዮ ምን ዋጣቸው? ፀጉር ሠሪዋ አላስችል ቢላት ሱቋን ዘግታ ፍለጋ ወጣች። ቤታቸው ከላውንደሪው ጓሮ አንዲት ክፍል ናት። ክብርት ፕሮፌሰር ጉንጫቸው ጎድጉዶ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው ሳል ያጣድፋቸዋል።

«ጉንፋን ነው» አሉ።

ውኃ ልትሰጣቸው ፍሪጁን ከፈተች። ትንንሾቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ የሚበላ ነገር ግን የለም። ዋናው መድኃኒት ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ እንደታሸገ፣ አቧራ ለብሷል።

«ፕሮፌሰር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ክብርት ፕሮፌሰር ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

«ምንድን ነው እኮ ነው የምልዎት!»

«ባለፈው ኢንፌክሽን ይዞኝ አንቲባዮቲክ ሲሰጠኝ፣ ፋርማሲስቱ ደጎቹንም ይገድላል አለኝ» አሉ እያቃሰቱ። «የሳምንቱ መድኃኒት እንዲህ ካደረጋቸው፣ የዕድሜ ልኩማ ምን ሊያስተርፍልኝ ነው ብዬ… ትንሽ እስኪጠነክሩ ብዬ ተውኩት።»

«ለባክቴሪያ ብለው?»

«የወለድኳትን ቀብሬያለሁ። ሌላ የማሳድገው ምን አለኝ?»

ፀጉር ሠሪዋን ማቀፍም አማራት፣ መማታትም አማራት። «ምነው አንድ ሰው እንኳ ቢጠይቁ!» አለች።

«ማንን ልጠይቅ? የምጠየቀው እኔ አይደለሁ?»

ደግፋ ታክሲ ውስጥ አስገብታ ሆስፒታል ወሰደቻቸው፤ አስተኟቸው። የክሊኒኳ ነርስ ሰምታ ስትመጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እማማ፣ ዋናው መድኃኒት እኮ ቫይረሱን ነው የሚይዘው፤ እንደ አንቲባዮቲኩ ባክቴሪያ አይገድልም!» ይህን ሲሰሙ ክብርት ፕሮፌሰር ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሐኪሙ ደግሞ ፀጉር ሠሪዋን ኮሪደር ላይ አቆማት። ሳንባቸው ክፉኛ ተጎድቷል፣ ቫይረሱም እጅግ በዝቷል። «የምንችለውን እናደርጋለን፤ ቃል ግን አልገባልሽም» አላት።

የሳንባው ሕክምና ከሰነበተ በኋላ ዋናውን መድኃኒት እንደገና ይጀምሩ ተባለ። ነርሷ እንክብሉን ይዛ ብትቀርብ፣ ክብርት ፕሮፌሰር ከግድግዳው አልዞር አሉ።

«ምን ፊት አለኝ? ስንቷን ዋጪ ስል ኖሬ! ተዉኝ፣ ልሙት።»

ፀጉር ሠሪዋ ይድናሉ እንዳትላቸው ሐኪሙን ሰምታዋለች፤ መዋሸት ደግሞ አልሆንላት አለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ትንንሾቹስ?» አሉ ፊታቸውን ሳይመልሱ።

«እኔ ቤት፣ ፍሪጅ ውስጥ ናቸው።»

«በሩ እንዳይከፋፈትባቸው፤ ሙቀት አይችሉም።»

«አይከፈትባቸውም።»

እንክብሉን ከነርሷ ተቀበለች፤ በሌላ እጇ ውኃውን ያዘች። «ለቅሶው የትም አይሄድም» አለች። «መጀመሪያ ይዋጡ፤ ከዚያ እናለቅሳለን።»

ክብርት ፕሮፌሰር ቀስ ብለው ዞሩ፤ ዋጡም። ከዚያ አብረው አለቀሱ፤ በዚህኛው ግን የባሰባት ፀጉር ሠሪዋ ነበረች።