ሞተር ያወረደ ባል

መኪናውን ጋራዥ የማይወስድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ይህ ሰው ሐኪም ሊሆን ይችላል፣ ዳቦ ጋጋሪም ሊሆን ይችላል፤ ኮፈን ከፍቶ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ ከከተተ ግን መተዳደሪያው ምን እንደሆነ ይረሳል። ሚስቱ አትረሳም።

አዋላጇ ያገባችው እንዲህ ያለውን ነው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ሱሪ ሲቆርጥ መቀሱ አይስትም፤ ሰፈሩ ግን የሚያውቀው «ክቡር ኢንጂነር» በሚል ማዕረግ ነው። ጎረቤቶቹ ማዕረጉን ሲሰጡት ለቀልድ ነበር፣ እሱ በቁም ነገር ተቀበላቸው። «ቀላል ነው» የምትለዋን ቃል ከአፉ ስትሰማ አዋላጇ የሳምንቱን ቀጠሮዋን ሁሉ ትሰርዛለች። ባለፈው የመኪናዋን በር እጀታ «ቀላል ነው» ብሎ ሲጠግን፣ ቤተሰቡ በሙሉ ለአንድ ወር በመስኮት ሲገባና ሲወጣ ከርሟል።

ዘንድሮ ነገሩ ከእጀታ አለፈ። ከትልቋ ልጃቸው በዕድሜ የምትበልጠው መኪና ዘይት እንደ ውሃ ስትጠጣ፣ ዳገት ባየች ቁጥር ሰማያዊ ጭስ ስትተፋ ቆይታ አንድ ቀን ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ቀጥ አለች። ሰፈሩ ገፍቶ ግቢ አስገባት። ኢንጂነሩ የሚስቱን የልብ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ቁልፉን እያዞረ እምቢ ያለውን ሞተር ሲያዳምጥ፣ ሲያዳምጥ ቆየና ውሳኔውን አሰማ።

«ሞተሩ ይውረድ። ቀላል ነው።»

ከሁሉ በላይ ደስ ያላቸው የሚስቱ እናት ናቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ለሰኞ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ከዚህ በፊት ሁለቴ ቀርተዋል፤ አንዴ ጉንፋን ያዘኝ ብለው፣ አንዴ መጥፎ ሕልም አየሁ ብለው። አሁን ሦስተኛው ሰበብ በራሱ ጊዜ ተገፍቶ ግቢ ገባላቸው።

«እኔ በልጄ ባል መኪና ካልሆነ አልሄድም» አሉ።

«እማዬ፣ ወንዱ ልጅሽ አዲስ መኪና አለው እኮ» አለች አዋላጇ።

«አዲስ መኪና ያዞረኛል።»

ኢንጂነሩ ይህን ሲሰማ ደረቱ ተነፋ። «እማማ፣ ሰኞ በዚህችው ይሄዳሉ» ብሎ ቃል ገባ። አማቱ ፈገግ አሉ። ልጃቸው ያን ፈገግታ ታውቀዋለች። የፍርሃት ፈገግታ ነው።

ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲወጣ ጎረቤት ሁሉ ሊጎትትም ሊመክርም መጣ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። ፒስተኖቹ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። የሞተሩን ትንፋሽ የሚከፍቱና የሚዘጉት ባልቮላዎች በልብስ ሰፊ ጠመኔ ተራ ቁጥር ተጽፎላቸው መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ተሰለፉ። ቡሎኖቹ በትልቁ ድስት ናፍጣ ውስጥ ተነከሩ።

«ድስቴን?»

«ታጥቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል።»

«የትኛው ቤት?»

ሌላ ቀን ከሥራ ስትገባ ከሞተሩ ሥር ድምፅ መጣ፦ «ፋሻው አልቋል። ፋሻ ያስፈልገኛል።» ቦርሳዋን ከፍታ ጥቅልል ነጭ ፋሻ አቀበለችው። ፒስተን ወገብ ላይ የሚጠልቀው የብረት ቀለበትም ፋሻ እንደሚባል ሊያስረዳት እራቱ እስኪቀዘቅዝ ተናገረ። እሷ ተቆጥታ መስማት ጀመረች፤ ኋላ ግን ቁጣው የት እንደገባ ሳታውቅ «ታዲያ አሮጌው ሲያልቅ ነው ዘይቱ አብሮ የሚነደው?» ብላ ጠየቀችው።

እሁድ ሞተሩ ወደ ቦታው ሲመለስ አንድ ቡሎን ሾልኮ ከኋላ ጠባብ ስርጉድ ውስጥ ገባ። የኢንጂነሩ እጅ ወፍራም ነው፣ አልደረሰበትም። አዋላጇ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ዞር በል። ከዚህ ከባሰ ቦታ ስንቱን አውጥቻለሁ።»

ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ዳበሰች፣ ቡሎኗንም አወጣቻት። ከዚያ እጇን ታጥባ መግባት ነበረባት። አልገባችም። እስኪመሽ ቆማ መፍቻ አቀበለች።

ሰኞ ጠዋት ግቢው በሰው ሞላ። አሮጊቷ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ሽፍኑን ተጫምተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ኢንጂነሩ ቁልፉን ለሚስቱ ሰጣት፤ ለማስነሳት ድፍረት ያጣው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አጉረመረመና ዝም አለ። ደገመች። ጭስ ማውጫው እንደ ጠመንጃ ተኮሰ፣ ርግቦቹ ከጣሪያው ተነሱ።

«ይኸው፣ እግዜር አልፈቀደም» አሉ አሮጊቷ፣ ሊያወልቁ እጃቸውን ወደ ጫማቸው እየሰደዱ።

ኢንጂነሩ ላቡ ጠብ እያለ ለሞተሩ እሳት የሚሰጡትን የካንዴላ ገመዶች አንድ በአንድ በጣቱ ተከተለ። ሁለቱን አቀያይሯቸዋል። ነቅሎ ቦታቸውን አስያዘና ለሚስቱ ራሱን ነቀነቀላት።

በሦስተኛው ሞተሩ ሳለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያም ተነሳ። ድምፁ እየጠራ እየጠራ ሄዶ እንደ ስፌት መኪና ወጥ ሆነ። ጎረቤቱ አጨበጨበ። ኢንጂነሩ ፊቱን በዘይት ጨርቅ ጠርጎ ጭራሽ አጠቆረው።

ያጨበጨበው ሁሉ አሮጊቷን አያቸው። የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ኢንጂነሩ ሄዶ አጠገባቸው በርከክ አለ።

«እማማ፣ እኔም እኮ ፈርቼ ነበር።»

እጃቸውን ከወንበሩ አንስተው ዘረጉለት። «እንግዲያስ ደግፈኝ» አሉና ተነሱ። ዓይናቸው በሰላም ታከመ፤ ያ ግን የከሰዓቱ ወሬ ነው።

እሱ አማቱን ደግፎ ኋላ ወንበር ላይ ሲያስቀምጥ አዋላጇ ከመሪው ወርዳ ስልኳን አወጣች። ወንድሟ አዲሷን መኪናውን ይዞ ከማለዳ ጀምሮ ከመንገዱ ጥግ ቆሟል። ለክፉም ለደጉም ብላ በምስጢር የጠራችው እሷ ናት።

«ልምጣ?» አላት ስልኩን እንዳነሳ።

«ወደ ሥራህ ሂድ።»

«ምነው፣ ተነሳ እንዴ?»

አዋላጇ ጥቂት እርምጃ ተራመደችና ስልኩን በተከፈተው ኮፈን ሥር፣ ወደ ሞተሩ አድርጋ ያዘችለት።