የሹክሹክታ ልምምድ

እኛ አበሾች ፈረንጅ የማይገባው አንድ ጠባይ አለን፤ «ታልፋለህ ወይ ትወድቃለህ» ከተባልን እናጠናለን። ጉዳዩ የአልጀብራ ይሁን የኩላሊት ለውጥ የለውም። ፈረንጁ ሐኪም ዘንድ ይሄድና ገላውን አስረክቦ የተባለውን ይሰማል። እኛ ግን ሐኪሙ በሽታ እንዳያገኝብን ቀድመን ተማክረን፣ ተልባውንም ነጭ ሽንኩርቱንም ቀድመን ወስደን ነው የምንሄደው። እናንተም ታደርጉታላችሁ፤ አትዋሹኝ።

የሆቴል ሻትል ሹፌር ነኝ። ዌስትቼስተር ካለው ሆቴል ወደ ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል እንግዳ ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ሰው የሚጭን ሹፌር ደግሞ በየጊዜው ሐኪም አይቶት «ለመንዳት ብቁ ነው» የሚል ሜዲካል ካርድ ካልሰጠው ከመሪው ይነሣል። ግፊቴ ደህና ነው፤ ስኳርም የለብኝም። የፈራሁት ጆሮዬን ነበር፤ ግራውን። ሐኪሙ ራቅ ብሎ ይቆምና ያንሾካሹካል፤ ተመርማሪው የሰማውን ይደግማል። ባለፈው ጊዜ ያለፍኩት ሐኪሙ ደግ ሆኖ ደጋግሞልኝ ነው። ዘንድሮስ ደግ ባይሆን? ከመንዳት ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንቅልፍ እስካጣ ፈርቼ ነበር።

ስለዚህ አጠናሁ። አስጠኚዬ ጋሼ መኮንን ናቸው፤ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ፌርፋክስ ላይ ካለው ምግብ ቤት የጥግ ወንበር የማይጠፉ ሰው።

«ሶ፣ ቀኝህን በጣትህ ድፈን» አሉኝ። «ዓይንህንም ጨፍን፤ ከንፈሬን እያየህ ቺት እንዳታደርግ።»

ከዚያ ከኋላዬ ጎንበስ ብለው፣ በታክሲ የዞሯቸውን ሰፈሮች ስም እየጠሩ፣ «ክሬንሾው» ይላሉ በሹክሹክታ። «ክሬንሾው» እላለሁ። «ፒኮ ሮበርትሰን» ይላሉ። ዝም እላለሁ። «ፌይል አደረግህ!» ይሉኛል፤ ይህቺን ጮክ ብለው። ሳምንቱን እንዲህ ሰነበትን።

የረሳነው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ያለነው አበሻው ሁሉ በሚሰበሰብበት ፌርፋክስ ላይ ነው። በእኛ ደንብ ሰው ጆሮ ሥር ጎንበስ ብሎ የሚያንሾካሹክ ሽማግሌ ወይ ሰው ያማል ወይ መርዶ ያረዳል። ሐሜት ቢሆን በሳቅን ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ፣ ግንባሬን ቋጥሬ፣ ራሴን እየነቀነቅሁ ነው የምቀመጠው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ ነገር ከአፍ ሳይወጣም አፋፍ ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በጠና መታመሜ ተረጋገጠ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጠያቂዎች ከነጸበላቸው ቤቴን ሞሉት። እኔ የጠዋት ሥራዬን ጨርሼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ መኝታ ቤት ጋደም ብያለሁ፤ ቀኝ ጆሮዬ ትራሱ ውስጥ ተቀብሯል። ባለቤቴ አስቴር «ኧረ ደህና ነው፣ ደክሞት ነው» ብትል ማን ሰምቷት! በጠራራ ፀሐይ የተኛ ሰው ምን ደህንነት አለው? እሷ ሻይ ልታፈላ ወጥ ቤት ስትገባ፣ ከተዘጋው በር ማዶ ሹክሹክታው ተጀመረ።

«ጉበቱን ነው አሉ።»

«ኖ፣ ኖ፤ ከዚያም ይብሳል። ጋሼ መኮንን ሲነግሩት በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሚስቱስ ሰምታለች?»

«ምን ትሰማለች፣ ሻይ ታፈላለች እንጂ!»

«አይ… ጥሩ ሰው ነበር።»

ነበር! ወገኖቼ፣ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። በበር ማዶ፣ በዚያ በተጠረጠረው ግራ ጆሮዬ! ደስታው ከአልጋው አስፈነጠረኝ። «ሰማሁ! ሁሉንም ሰማሁ!» እያልኩ ጋቢዬን እየጎተትኩ ሳሎን ገባሁና የቀበሩኝን ሰዎች በየተራ ሳምኳቸው። አንዲት እትዬ አማተቡ። «የሞት ዋዜማ ብርታት ነው» ተባባሉ፤ ይህንንም ሰማሁ። ከዚያ ጸበሉን ረጩኝ። ተረጨሁ፤ ምን ከፋኝ!

በማግስቱ ሐኪሙ ፊት የቀረብኩት ደረቴን ነፍቼ ነው። በቀኝ አንሾካሸከ፤ መለስኩ። በግራ አንሾካሸከ፤ ሳይጨርስ መለስኩ። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሠራተኞች ስለ ምሳ ሲንሾካሾኩ ስለነበር፣ «አንደኛዋ ሽንኩርት አትፈልግም» ብዬ መረቅሁለት። ሐኪሙ እየሳቀ ፈረመልኝ።

ካርዱን ይዤ ቀጥታ ፌርፋክስ ሄድኩ። ምግብ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ፓስ አደረግህ?» አሉ ጋሼ መኮንን ከወንበራቸው እየተነሡ።

«አደረግሁ፣ ጋሼ! እርስዎ ያስጠኑት ሰው ሊወድቅ ኖሯል?»

አቀፉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ የእኔም እንደዚያው። ይህን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ «አየሽ፣ ጸበሉ ሠራለት» የሚል ሹክሹክታ መጣ።

«ጸበሉም ይመስገን» አልኩ ፊቴን ሳላዞር። «ተስፋ የሰጣችሁኝ ግን እናንተ ናችሁ!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ አባቶቻችን። የእኔ ዘመድ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሐኪም ፊርማም አለው። እንግዲህ የምታሙኝ ካላችሁ፣ ክሬንሾው ድረስ ራቅ በሉልኝ።