ክብርት ወይዘሮ ካቆምንበት

«በመስኮቴ በኩል ነፋሱ ሲመጣ፣
አንተን ይመስለኛል እም… እም… እም… ሲወጣ…»

የሆስፒታሉ መድኃኒት መጋዘን ቆጣሪ ዘፈኑን ከዚህ አታልፈውም። የመሃሉን ቃል ረስታዋለች፤ ዘፋኙንም ረስታዋለች። ያቆመችበትን ግን አትረሳም። ስልክ ጮኾ ቢያቋርጣት፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ የምትቀጥለው ከሁለተኛዋ «እም» ነው።

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ነገሩ ሲቋረጥበት የሚተውና ምልክት አድርጎ የሚሄድ። ሁለተኛውን ዓይነት ታውቁታላችሁ። አክስት ሆኖ፣ ጎረቤት ሆኖ ለየቤቱ አንድ አንድ ታድሏል። አምና የአሳንሰር በር ሲዘጋ የተቆረጠበትን ወሬ፣ ዘንድሮ በሩ ሲከፈት «እና እንዳልኩህ» ብሎ ይቀጥልላችኋል።

ከቆጣሪዋ ፊት ለፊት አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠው የመጋዘኑ ጸሐፊ «ክብርት ወይዘሮ ካቆምንበት» የሚል ማዕረግ ሰጥቷታል። ማዕረጉን የሰጣት በሕመም ላይ ሳለ ነው። ትርፍ አንጀቱን በድንገት ተቀዶ ሦስት ሳምንት ሲተኛ ልትጠይቀው መጣች፤ ብርቱካኑን አስቀመጠች፤ ወንበር ሳበች።

«ወንድምዓለም፣ እግዜር ይማርህ» አለችው። «እና መስኮቱን ክፍት ትቶ የሄደው ማን እንደሆነ ልትነግረኝ ስትል ነበር ሆድህን የያዝከው።»

ስፌቱ እስኪያመው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ የማያወራበት ቀን የለም። ከባሏ ጋር በሠርጋቸው ማለዳ የጀመሩት ጭቅጭቅ ገና አላለቀም ይላል፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብረው የኖሩትም ለዚሁ ነው፣ ሳይጨርሱ እንዴት ይለያዩ።

ከዚያ ገመድ አልባ መቁጠሪያዎቹ መጡ። መዳፍ የምታክል መሣሪያ ናት፤ የካርቶኑን ጥቋቁር መስመር አንብባ ቆጠራው ሲያልቅ ቁጥሩን በአየር ላይ ለዋናው መሥሪያ ቤት ትልካለች። ከብረት መደርደሪያዎቹ ጀርባ ሲገቡ ግን ኔትወርኩ ይሄድና «ግንኙነትዎ ተቋርጧል፤ እንደ አዲስ ይግቡ» ትላለች። ለሌላው ሰው ይህ መልእክት ነው። ለክብርት ወይዘሮ ስድብ ነው።

መድኃኒት በሞላበት መጋዘን ለዚህ በሽታ የነበረው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ቻርጀሩ ላይ ማስቀመጥ። ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። መሣሪያዋም ቻርጀሩ ላይ ስትወጣ ራሷን ታድስና ያልላከችውን ሁሉ ትረሳለች። ሠራተኛው ከአንድ ይጀምራል፤ የምሳ ሰዓት ከደረሰም ያለፈውን ወር ቁጥር ገልብጦ ይልካል። ቆጣሪዋም አንድ ጊዜ ባልደረቦቿን ሰምታ አስቀምጣት አራት መቶ ካርቶን ጠፍቶባታል። የዚያን ቀን መሣሪያዋን የሞተች ወፍ እንደያዘ ሰው ይዛ ተቀመጠች። ዳግመኛ ቻርጀር ላይ አላኖራትም ብላ ማለች።

መሐላው የሚፈተንበት ቀን ደረሰ። ቆጠራው በዘጠኝ ሰዓት የሚዘጋበት የመጨረሻው ቀን ነው። እሷ ከትናንት ወዲያ ጀምራ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ካርቶን ቆጥራ፣ የመጨረሻው መደርደሪያ ሥር ሳለች ልክ ስድስት ሰዓት ላይ የሕንጻው ኔትወርክ ባንዴ ድርግም አለ።

ኃላፊው መጣ። «እትዬ፣ ቻርጀሩ ላይ ያስቀምጧትና ያለፈውን ወር እንላክ። ብዙ ልዩነት የለውም።»

«ያለፈው ወር ዘጠና ካርቶን ኢንሱሊን ነበረን።»

«ዛሬስ?»

«ሦስት። ዋናው መሥሪያ ቤት ዘጠና አላቸው ካለ ማን ይልክልናል? በሽተኛው ባዶ እጁን ሲቆም እርስዎ ወጥተው ዘጠናውን ያሳዩታል?»

በስልክ እንንገራቸው እንዳይባል፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ከመቁጠሪያዋ በቀር የሰው ድምፅ አያምንም። እንደገና እንቁጠር እንዳይባል፣ የሁለት ቀን ተኩል ሥራ በሦስት ሰዓት አያልቅም።

የኔትወርክ ባለሙያው መሰላሉን ተሸክሞ ሲያልፍ መሣሪያዋን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይቺ ሞታለች እትዬ። እንደ አዲስ ነው የሚጀመረው።»

«ማን ነው የሞተው? ካርቶኑ እዚያው አለ። እኔ ይኸው አለሁ። እሷም እጄ ላይ ትሞቃለች። ማንን ልትቀብሩ ነው?»

ባለሙያው ጭንቅላቱን አከከ። «እንግዲህ… ኔትወርኩ እስኪመለስ ስክሪኗ ካልጠፋ ታስታውስ ይሆናል። ይሆናል ነው ያልኩት።»

ለእሷ «ይሆናል» በቂ ነበር። ስክሪኑ እንዳይጠፋ አውራ ጣቷን ጫነችበት፤ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ኔትወርክ ፍለጋ መሄድ ጀመረች። ከመደርደሪያ መደርደሪያ፣ ከደረጃ ደረጃ፣ ከግቢው ጥግ እስከ ጥግ፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ አቅፋ ሌሊቱን እንደምትዞር እናት። ባትሪው ከሠላሳ አራት ወደ ሃያ፣ ከሃያ ወደ አሥራ ሁለት ወረደ። ጸሐፊው ምሳ ዕቃዋን ይዞ ከኋላዋ ይከተላል።

«ቢያንስ አረፍ በይ አንቺ ሴትዮ።»

«ካረፍኩ ጣቴም ያርፋል።»

«ጉረሺና ሂጂ።»

«በየትኛው እጄ?»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ባትሪው አራት ሲሆን የኃላፊው ትዕግሥት አለቀ። ቻርጀሩን ከነገመዱ ነቅሎ፣ በሁለት እጁ ይዞ በመደርደሪያዎቹ መሃል መጣባት። «በቃ። አምጪያት።» አንቱታው ጠፍቷል።

እሷ ወደ ግድግዳው ተጠጋች እንጂ እጇን አላወረደችም። ጸሐፊው ደግሞ መቼ እንደተንቀሳቀሰ ሳያውቀው ምሳ ዕቃውን እንደያዘ በመካከላቸው ቆሞ ራሱን አገኘው።

«አይነኳትም ጌታዬ። አልጨረሰችም።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መጨረስ አታውቅም እያልክ የምታማት አንተ አይደለህ?»

«እኔ ነኝ። እሷን ማማት የኔ ሥራ ነው። እርስዎ ሌላ ይፈልጉ።»

ጸሐፊው መንገዱን አልለቀቀም። ኃላፊው ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ ይላል፤ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ። ይህን ሲያደርጉ ነው ባለሙያው ከመሰላሉ ላይ «እስቲ አሁን ሞክሯት» ያለው።

ስክሪኑ ብልጭ አለ። «ያልተላከ ቆጠራ ተገኝቷል። ካቆሙበት ይቀጥሉ?»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ሁሉ «እንደ አዲስ ጀምሪ» ሲላት ኖሯል፤ ይህን የጠየቃት የለም። ደንዘዝ ባለው አውራ ጣቷ «አዎ» ላይ ጫነች፤ ቀጥላም የቀሩትን አሥራ ስምንት ካርቶን ቆጠረች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው «ተልኳል» አለ። ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ። ኢንሱሊን፣ ሦስት፤ እውነቱ ሄደ። ኃላፊው ቻርጀሩን የማን እንደሆነ የማያውቀው ጫማ ይመስል ታቅፎ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ጸሐፊው ወንበር ሳበላት። ጣቶቿ አልታዘዝ ስላሏት ምሳ ዕቃውን እሱ ከፈተው።

«ሩዙ ቀዝቅዟል።»

«ይቀዝቅዛ።»

ማንኪያውን በግራ እጇ ያዘችው። ሊላት የፈለገው ነገር ነበረው፤ ትልቅ ነገር ባይሆንም አሥራ አንድ ዓመት ያልተባለ። ዋጠው። ወጣና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ጀርባውንም አስደግፎ ቆመ። ከኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ ስትመጣ ከሩቁ እጁን አነሳላት።

«ቆይ እህቴ፣ ማንም አይገባም» አላት በሹክሹክታ። «እየበላች ነው።»